የሰባቱ ሳንቲሞች ዝርዝር

ዴንቨር ውስጥ ከሞንትቤሎ ሰፈር በፒዮሪያ ጎዳና ወደ ደቡብ ስንወርድ የቫን መኪናዬ የኋላ ጎማ ሁለት ጊዜ አንሸራተተ። ሌላ ተሳፋሪ ቢሆን የበሩን መያዣ ይጨብጥ ነበር፤ እትዬ አያልነሽ ግን ሁለት እጃቸውን ከቦርሳቸው ላይ አላነሡም። ቦርሳው ውስጥ የሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት መዳብ ነበር።

«ቀስ በል መንሱር» አሉኝ። «እኔ ብሞት ሊዲያ ትቀብረኛለች። ይሄ ቢጠፋ ማን ይተካዋል?»

«እኔስ እትዬ? ሦስት ልጅ አለኝ እኮ!»

«አንተማ ኢንሹራንስ አለህ።»

ቀኑ ጥር ዐሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ጧት ነበር። በረዶው ሲወርድ አድሮ መንገዱ ገና አልተጠረገም። እኔ መንሱር ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአየር ማረፊያው ሰው አመላልሻለሁ። ይህን የምጽፈው እዚያ ስለነበርኩ እንጂ ስለ ሳንቲም ስለማውቅ አይደለም። እንዲያውም እትዬን እስካውቅ ድረስ ሳንቲም ማለት ለኔ ከመኪናው ወንበር ሥር የሚለቀም ነገር ነበር።

እትዬ አያልነሽ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዴንቨር መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ዛሬ ሙያው ጠፍቷል፤ ያኔ ግን ጋዜጣም ሆነ መጽሐፍ የሚታተመው፣ ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥን እያነሣ ቃል አድርጎ ከደረደራቸው በኋላ ነበር። የእርሳሱ ፊደል የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ለቃሚ ሰው መስታወት ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ነው የሚያነበው። እትዬ እስከ ዛሬ በመስታወት ውስጥ ጽሑፍ ብታሳዩአቸው እኛ ከቀናው ከምናነበው ይልቅ ፈጥነው ያነቡታል።

የሳንቲሙ ነገር የጀመረው ከዚሁ ነው። ጡረታ በወጡ ሰሞን ኦሮራ ውስጥ የአንድ ሟች ዕቃ ሲሸጥ፣ በሸሚዝ ቁልፍ የተሞላ ብልቃጥ ገዙ። ከቁልፎቹ መሀል አንድ ያለቀ መዳብ ወጣ። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሳቁ። «ይህን የለቀመው ሰው ቸኩሎ ነበር» አሉ። አንዷ ፊደል ወደ ጎን ዘማ ነበር። በዚያው ሳንቲም ሰብሳቢ ሆነው ቀሩ።

የአሜሪካ ትልቁ ሳንቲም የሚሉት ይህ ነው፤ ከዛሬው ሳንቲም በጣም የሚሰፋ፣ ጥቁር ቡናማ መዳብ። ባንድ በኩል ፀጉሯን የለቀቀች ሴት አለች፣ ከኋላዋ በዘንግ የተሰቀለ ቆብ። በሌላው በኩል የቅጠል ጉንጉን አለ፣ ዙሪያውን የአገሩ ስም ተጽፎበት። ጠርዙ ላይ ሳይቀር «መቶው ለአንድ ዶላር» የሚል ጽሑፍ ዞሮበታል። በፈረንጅ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና አራት ፊላደልፊያ ላይ ሲመታ፣ ቀራጩ ማተሚያውን ብረት፣ ዳይ የሚሉትን፣ በእጁ ነበር የሚያዘጋጀው። እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ በመዶሻ እየመታ ያስገባል፤ አንዷ ትዘማለች፣ አንዷ ዝቅ ትላለች። ብረቱ ሲሰነጠቅ ይጣልና ሌላ ይቀረጻል። ስለዚህ የዚያ ዓመት ሳንቲም ብቻውን ሃምሳ ስልሳ ዓይነት አለው። ሰብሳቢዎቹ ዓይነቱን ይለያሉ፣ ከአንድ እስከ ሰባ ደረጃ ይሰጡታል፣ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ይጨቃጨቁበታል። እብደት ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር።

አሁን ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን ያገኙት ባለፈው መስከረም፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ እጅግ ብርቅ ከሆነው አንዱ ነው ብለው አመኑ። እሳቸውም አባል የሆኑበት የመዳብ ወዳጆች ማኅበር በሚይዘው መዝገብ ላይ ከዚህ ዓይነት የሚታወቁት ሰባት ብቻ ናቸው። ከሰባቱ አንዱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጡረተኛው ማስተር ሰርጀንት ዴል ክራውስ ንብረት ነው። አባላቱ ሁሉ ሳርጅ ይሉታል።

በታኅሣሥ ስብሰባ ላይ እትዬ ሳንቲማቸውን አውጥተው «ስምንተኛው ይኸውላችሁ» አሉ። ሳርጅ በአጉሊ መነጽሩ ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ቅጠሉ ተነክቷል» አለ። ተነክቷል ማለት አንድ ሰው ተራውን ሳንቲም በስለት ፍቆ ብርቅ አስመስሎታል ማለት ነው። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሳንቲሙ ጥር ዐሥራ ስምንት ቀን በአባላት ፊት ይመረመራል። ተነክቶ ከተገኘ እትዬ ከማኅበሩ ይወጣሉ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለአባላቱ ዓይነታቸውን የለዩላቸው መቶ ዐሥራ ሁለት ሳንቲሞችም ከመዝገቡ ይፋቃሉ። ባጭሩ፣ ዓይናቸው ሐሰተኛ ነው ተብሎ ይጻፋል። ለሳቸው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

አይ-ሰቨንቲ የሚሉትን አውራ ጎዳና አልፈን ወደ ኮልፋክስ ጎዳና ስንቃረብ ስልካቸው ጮኸ። ሊዲያ ናት፣ ልጃቸው፣ ነርስ።

«ማሚ፣ ኦን ዘ ዌይ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ፕሊስ ማሚ፣ ጀስት ለዚያ የሳንቲም ነጋዴ ሽጪለትና ዳን ይሁን። ኦፈር አድርጎልሽ የለ? ኢትስ ኤ ፔኒ! ሰዎቹ ኢምባራስ ሲያደርጉሽ አይ ካንት...»

«ሊዲያዬ፣ ሥራ ላይ አይደለሽም? በሽተኞችሽን እዪ።»

«አይ ጀስት ዶንት ዋንት ዩ ቱ ክራይ።»

«ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። እኔ ፊደል ላነብ ነው የምሄደው» ብለው ዘጉት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሰምቼሃለሁ። ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ መንገድህን እይ።»

ከሊዲያ የደበቁት አንድ ነገር ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከሳምንት በፊት ለጥምቀት የወሰድኳቸው እኔ ነኝና። እኔ ሙስሊሙ ሰውዬ ፓርኪንጉ ውስጥ ሂተር አብርቼ ተቀምጬ በመስኮት አያለሁ። ከድንኳኑ ፊት አንድ ዲያቆን የጎማ ቱቦ ይዞ ምእመኑን በጠበል ይረጫል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሕዝቡ ግን እልል ይላል። እትዬ መሀል ገብተው ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ለሳንቲሙም በረከት ይድረሰው ብለው ነው! እኚህ ሴትዮ እኮ ሰው መዳብ ላይ ሲተነፍስ የሚጮኹ ናቸው። በጣት አይነካም፣ ውሃ አይጠጋውም፣ በግመል ፀጉር ብሩሽ ብቻ ይዳበሳል እያሉ እኔን እንኳ ያስተማሩኝ ናቸው። ዲያቆኑ ቱቦውን ሲያዞረው ቦርሳው ጠጣ፤ የወረቀት ፖስታው ራሰ። በዓል ነውና ሳይከፍቱት አደሩ። በማግሥቱ መዳቡ ላይ ሦስት አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ፣ አንዱ ከዚያው ከሚጨቃጨቁበት ቅጠል ሥር።

«እርስዎ ራስዎ?» ብያቸው ነበር ያን ጊዜ።

«ዝም በል መንሱር።»

«እኔ ባደርገው ኖሮ...»

«ዝም በል አልኩህ እኮ!»

ስብሰባው ሎውሪ ነው፤ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር የነበረው፣ ዛሬ ቤትና ትምህርት ቤት የሞላበት። ክፍሉ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ዐሥራ አራት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ አጉሊ መነጽር አንጠልጥለዋል። ከጠረጴዛው ራስ ሳርጅ አለ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ በዚሁ ሰፈር ወታደሮችን ያስተምር ነበር። ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ተቆልፏል፣ ጀርባው እንደ በር መቃን ቀጥ ብሏል። በቀኙ የማኅበሩ ጸሐፊ ሔለን መዝገቡን ይዛ ተቀምጣለች፤ ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ አመጣዋለሁ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። የሳርጅ ድምፅ ግን ያን ዕለት አንቺ ነበር የሚለው፤ እኔም እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ሳርጅ የእትዬን ሳንቲም ከፖስታው አውጥቶ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ አኖረው። በጠርዙ ነው የያዘው። እሱን አልክድም፣ እጁ የሠለጠነ ነው።

«ይህ አረንጓዴ ምንድነው?» አለ። «ባለፈው ወር አልነበረም።»

ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ውሃ ነው» አሉ እትዬ።

«አሲድ ነው። የተፋቀውን ለመሸፈን የተደረገ።»

«ውሃ ነው አልኩ። ጠበል ነው። የጥምቀት በዓላችን ላይ ተረጭቶበት ነው። ቦርሳዬን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ ሳንቲሙን ማን ብላችሁ ሰየማችሁት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ደሜ ፈላ። የኔ እምነት አይደለም፤ ግን ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ አውጥቶ ሲናገር አይሳቅበትም። ልነሣ ስል እትዬ በክርናቸው ጎሰሙኝ።

«ሳቁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ከደረጃውም ቀንሱ። ሦስት ነጠብጣብ ነው፤ ለሦስቱም ቀንሱ። ለቅጠሉ ግን አንዲት ነጥብ አትቀንሱም።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሳርጅ ከኪሱ ሌላ ፖስታ አወጣና የራሱን ሳንቲም ከሳቸው አጠገብ አኖረ። ሔለን ሁለቱንም በማይክሮስኮፑ አድርጋ ግድግዳው ላይ አሳየች። ቅጠሎቹ ጫማ ጫማ አክለው ታዩ።

«ስሙኝ» አለ ሳርጅ። «ከሰባቱ የስድስቱ ቅጠል በመነካካት ብዛት አልቋል። በግልጽ የሚታየው የኔ ላይ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሠላሳ ዓመት የለካው በዚህ ነው። የኔ ቅጠል ጫፉ ከላዩ ካለችው ፊደል ሥር ይደርሳል፤ የዚህች ሴትዮ ከፊደሏ ይርቃል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።»

«ልክ ነው» አሉ እትዬ። «አንዱ ይዋሻል።»

ተነሥተው ወደ ነጩ ሰሌዳ ሄዱ። ማርከሩን አነሡና፣ ሰሌዳው ሞልቶ እስኪታይ ድረስ፣ «አሜሪካ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉት፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ የተገለበጡ። አላመነቱም፣ አልሰረዙም፣ ወደ ሳንቲሙም ዞር ብለው አላዩም። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ሲያገኝ የሃያ ዓመት ልጅ መሰሉኝ።

«ይህ ሳንቲሙ አይደለም፣ ዳዩ ነው» አሉ። «እኔ ሳንቲም ሳይ የሚታየኝ ብረቱ ነው፤ ለቃሚ ስለነበርኩ ሌላ አልችልም። ቃል የሚያነብ ሰው ፊደል አያይም፤ እናንተ ቃሉን እያነበባችሁ ታልፋላችሁ። እዩአት ይህችን ‹አር›፤ ዝቅ ብላለች፣ እግሯ ከጎረቤቶቿ በታች ነው። በ‹አይ›ና በ‹ሲ› መሀል ደግሞ አላግባብ የሰፋ ክፍተት አለ። ቀራጩ ቸኩሎ ይሁን በርዶት እንጃ። ቅጠል በስለት ይገፋል። የተመታች ፊደል ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተክል ሰው ግን የለም። ሔለን፣ የሳንቲሞቹ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ይክፈቱልኝ። ቅጠላቸው ካለቀው ከስድስቱ የማንኛውንም ሥዕል ያሳዩን፤ ቅጠሉ ቢያልቅም ፊደሉ አለ።»

ሔለን ከትልቁ መጽሐፍ አንዱን ሥዕል አግኝታ ገልብጣ ግድግዳው ላይ አመጣችው። ‹አር› ዝቅ ብላለች። ክፍተቱ ሰፊ ነው። ሁለተኛውን አመጣች፤ ያው ነው። ከዚያ የእትዬን ሳንቲም አመጣች። አንድ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሳያስበው «ኦ ቦይ» አለ።

«አሁን የእርስዎን» አሉ እትዬ ለሳርጅ።

ሔለን የሳርጅን ሳንቲም ወደ ማይክሮስኮፑ ልትስብ ስትል እጁን ጣል አደረገበት። ራሱ በአጉሊ መነጽሩ አየው። ወደ ሰሌዳው ቀና አለ፣ እንደገና አየው። ጆሮው ቀስ በቀስ ሲቀላ አየሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት መጣብኝ፤ ግን ደስ አላለኝም። ሰውዬው የታመመ ነበር የሚመስለው።

«አሥር ደቂቃ እረፍት» አለ።

ኮሪደር ላይ ጠራቸው። እኔም ተከተልኩ፤ ማንም ና ባይለኝም። ግድግዳው ላይ የድሮ ወታደሮች ፎቶ በረድፍ ተሰቅሏል። ሳርጅ ሳንቲሙን በመዳፉ ጨብጦ ነበር፤ በባዶ እጁ! ያን ሲያዩ እትዬ ፊታቸው ተጨማደደ።

«አስገባዋለሁ» አለ። «ስምንተኛ ብዬ፣ ዛሬ፣ በስምሽ። ደብዳቤው ይቀደዳል። በአባላቱ ፊትም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። የኔን ብቻ ተዪው።»

እትዬ የጨበጠውን እጁን አዩ።

«አባቴ ነው የገዛው፤ በፈረንጅ ስልሳ አንድ፣ ፕዌብሎ ከተማ ውስጥ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ። ሲሞት እጄ ላይ ያኖረልኝ ይህን ነው። እስከ ዛሬ ጧት አላወቅሁም። እምልልሻለሁ።»

«አምንዎታለሁ» አሉ። ከልባቸው ነበር።

እኔ በአማርኛ ጣልቃ ገባሁ። «እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም። የመጡበትን አገኙ እኮ። ሰባትም ይሁን ስምንት ማን ይቆጥረዋል? ይቀበሉትና ቤታችን እንግባ።»

ወደኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተቆጡም።

«መንሱር፣ ስለሺ ምትኩ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ማንም አያውቀውም። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የመምህራን ቅጥር ዝርዝር ለቀምኩ። ታትሞ ከወጣ በኋላ አንድ ስም ሁለት ጊዜ መግባቱን አየሁ፤ ሁለተኛው ያረፈው ስለሺ ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ መቶ ሃያ። ሰዎቹ ግን መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ላለቃዬ ነገርኩት። ‹ቁጥሩ ሞልቷል፤ ዝም በዪ› አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ እንጀራዬን ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። አርባ አራት ዓመት ሆነው። ልጁ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስሙ ግን አሁንም ተገልብጦ ይታየኛል።»

የመኪናዬን ቁልፍ ወደ ኪሴ መለስኩ።

ወደ ሳርጅ ዞረው በዚያ በሆቴል ቤት እንግሊዝኛቸው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ተናገሩት። «ሚስተር ክራውስ፣ ስምንት የለም። ሰባት ነው። የኔ አንዱ ነው፣ የእርስዎ አንዱ አይደለም። ራስዎ ቢናገሩ ይሻላል። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።»

«ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ተመልሶ የወታደር ሆነ። «ካላስገባሁትስ?»

«አያስገቡት። ከማኅበሩም ያስወጡኝ። መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ይፋቁ። የኔ ሳንቲም ቦርሳዬ ውስጥም ሆኖ ያው ነው። የእርስዎም መዝገብ ላይ ሆኖ ያው ነው። እኔ እዚህ የመጣሁት ስሜን ልለምን አይደለም!»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ቁመታቸው ከሳርጅ ደረት አይበልጥም፤ እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ ስንት ጊዜ ለስንቱ አለቃ አንገቴን እንደደፋሁ ትዝ አለኝና አፈርኩ። በሳቸውም ኮራሁ፤ አልደብቅም።

ተመልሰን ገባን። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሳርጅ ተቀመጠና ሳንቲሙን ከፋዩ ላይ አኖረ፤ አልተናገረም። እትዬ ቆመው ጠበቁት። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቁት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

«የሊቀ መንበሩ ሳንቲም ተነክቷል። ከተራው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ተገፍቷል። ማን እንደገፋው አላውቅም፤ እሳቸውም አላወቁም። ሠላሳ ዓመት የለካችሁት ግን በሐሰተኛ ቅጠል ነው።»

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ጠረጴዛ መታ። ያው የቅድሙ ቀልደኛ ተነሥቶ «ሴትዮ፣ በማን ላይ እየተናገርሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ውጪልን!» አለ። እኔም ተነሣሁ፤ ሰላማዊ የቫን ሾፌር እንጂ ተደባዳቢ አይደለሁም፣ ግን ተነሣሁ። እትዬ ንቅንቅ አላሉም። ማርከሩ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር።

«ተቀመጥ ፍሬድ» አለ ሳርጅ። ሳንቲሙን ራሱ አንሥቶ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባው። «አይታችሁ ፍረዱ።»

መጀመሪያ ያየችው ሔለን ናት። ምስሉን ገልብጣ ከሰሌዳው ጎን አመጣችው። ‹አር› ከጎረቤቶቿ እኩል ቀጥ ብላ ቆማለች። በ‹አይ›ና በ‹ሲ› መሀል ጥፍር የሚያስገባ ቦታ የለም። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ አዩ፤ ፍሬድም አየ። ከዚያ ወደየወንበራቸው ተመለሱ።

«የእሷስ ደረጃ?» አለች ሔለን በመጨረሻ፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ስላለበት ይመስለኛል።

«የቅርጹ ጥራት ዐሥራ አምስት» አለ ሳርጅ። «ነጠብጣቡ ሲቀነስ ስምንት።»

«አምስት» አሉ እትዬ።

«ስምንት እንኳ...»

«ስምንት ካሉ አዝነውልኝ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አምስት ነው።»

ሔለን አምስት ብላ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ወደ ላይ ገለጠችና ብዕሯን የክራውስ ስም ላይ አድርጋ ቆመች። ልትሰርዝ አልደፈረችም።

«ስጪኝ» አሉ ሳርጅ። ከዚህ በኋላ አንቱ ነው የምላቸው፤ አፌ ሌላ አላወጣም ካለኝ ምን ላድርግ? «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምሰርዘውም እኔ ነኝ።»

ማስመሪያ አስጠግተው፣ በአባታቸው ስም የጀመረውን መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዙት። ከዚያ መዝገቡን አዙረው ወደ እትዬ ገፉላቸው። እትዬ ቆመው ስማቸውን ጻፉ፣ አያልነሽ ገብረ ጻድቅ፣ በቀናው ፊደል። ሔለን በጣቷ እየቆጠረች ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ ሰባት ነበሩ።

ሰዉ ካፖርቱን መልበስ ጀመረ። ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ሳንቲማቸውን ፖስታው ውስጥ እየከተቱ ሳለ ሳርጅ ጠረጴዛውን ዞረው መጡ። የሳቸው መዳብ በመዳፋቸው ነበር፤ ላብ አርሶታል።

«ቤቴ ሌሎች አርባ ሦስት ሳንቲሞች አሉኝ» አሉ። «ሁሉንም የገዛቸው አባቴ ነው። መጥተው ቢያዩልኝ?»

እትዬ አያልነሽ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አለቀሱ ልበል? አዎ፣ አልቅሰዋል።

«አልዋሽልዎትም» አሉ።

«ለዚህ ነው የምጠራዎት።»